ጥማዷ ጣዖት አይደለችም

ይድረስ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ለታላቅ ወንድሜ ለአባ ምሥጋናው፤

ሰላምታዬ የላስታን ቁልቁለት ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጃፍዎ ይድረስ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንደምን ነው? አምና ደረጃ ስወጣ ይጠዘጥዘኛል ብለውን ነበር። ያ ሳል ለቀቀዎ ወይ? ጣራው ላይ ያለችው ክፍልዎ ዘንድሮም አፈሰሰች ወይስ ደፈኑልዎ? ጾሙ ገብቷልና እህል ሳይቀምሱ እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ጤናዎን አይጉዱ ብል እንደማይሰሙኝም አውቃለሁ። አብረዎት ያሉት አባቶች ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ከናፍቆትዎና ከዚህ በታች ከምጽፍልዎ ነገር በቀር ደህና ነን።

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጣለና የላይኛው ማሳ ገብስ ተዘርቷል። የእህታችን የይማርሽ ባል አዳም በሬያችንን ቦሬን ከአዲሱ ወይፈን ጋር አላምዶ እያረሰ ነው፤ ወይፈኑ ግን እልኸኛ ነው፣ ትልም መሀል ይተኛል። ይማርሽ ሁለተኛውን ፀንሳለች። እኔ እዚያው ላሊበላ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ስድሳ ሰባት ተማሪ አለ፤ መጽሐፉ አሥራ አንድ ነው። እናታችን ገለቴ ዓይኗ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር አካሏ ደህና ነው። አካሏ አልኩ። ልቧን ልነግርዎ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ በስልክ ስለማይነገር ነው። ኔትዎርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም እናታችን ጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ስለምትሰማ የልቤን አልናገርም። ደግሞ በስልክ የተጣለች አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ ዘንድሮ አይተናል። ስለዚህ ለፋሲካ ሊሳለም ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለባምላክ ደብዳቤውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ተቆጥቻለሁ። በደሳለ ተቆጥቻለሁ፣ በቄስ አረጋም ተቆጥቻለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በእርስዎ ተቆጥቻለሁ። የልጅነታችን ጊዜ ቢሆን አንተ ብዬ፣ ጠጠር አንስቼ እስከ ወንዙ አባርርዎ ነበር። አሁን ቆብዎ ይከለክለኛል። ቁጣዬን ግን ቆብ አይከለክለውም።

ነገሩ የጥማዷ ነገር ነው። እርስዎም በእሷ ተባርከው ያደጉ ነዎት፤ ነገር ግን የረሷት ስለመሰለኝ ከሥሩ ልጀምር። ቅድመ አያታችን ደባሱ በሱዳን በግብጽ አድርጎ፣ በእግሩ ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። መሄጃና መመለሻው ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። እዚያ ሳለ ስንቁ አልቆበት ከከተማው ውጭ ለአንድ ገበሬ ያርስ ነበርና፣ አንድ ቀን ማረሻው አፈሩን ሲገለብጠው ከትልሙ ውስጥ ያቺን መዳብ አገኘ። ከጠርሙስ ቆርኪ ትንሽ ታንሳለች፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆና፣ ጣት በብዛት የነካት ቦታ ላይ ግን ትቀላለች። በአንድ ፊቷ የሰው ራስ ነበረ፤ ተበልቶ ጆሮና አንገት ብቻ ቀርቷል። በሌላው ፊቷ ሁለት ከብቶች ተጠምደው፣ ከኋላቸው ልብሱን በራሱ ላይ የጣለ ሰው እርፍ ይዞ ይታያል። አያቶቻችን ማንበብ ባይችሉም ጥማድ አይተው የሚስቱ ሰዎች አልነበሩም። «ጥማዷ» አሏት። ደባሱ ጫፏን በስቶ ቀለበት አስገባባትና፣ ከቅድስቲቱ አገር ትልም የወጣች በረከት ናት ብሎ ለልጁ አወረሰ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው እርሻ ቀን ሞፈሩ ሳትነካው አይወጣም። በመንደሩ ሴት ምጥ ሲይዛት እንልካታለን፤ እጇ ውስጥ ጨብጣ ትወልዳለች፤ በአርባው በሰማንያው ክርስትና ሲነሣ ትመለሳለች። አባታችን ሰውአገኝ ሳያገባት በፊት እንኳ እናታችን ታውቃት ነበር፤ ካገባት ወዲያ ግን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሠረቻት። ሁልጊዜ የሚገርማት አንድ ነገር ነበር። ከሁለቱ ከብቶች አንዷ ላም ናት ትል ነበር። «ቢቸግራቸው ነው እንጂ ላም ማን ይጠምዳል? የእነሱም አገር ክፉ ቀን አይቶ ነበር» ትለን ነበር። እኔና እርስዎ እንስቅባት ነበር፤ ያስታውሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ደሳለ ልምጣ። ከእርስዎ ጋር ዳዊት የደገመው፣ በኋላ ላሊበላ ገብቶ ለቱሪስት የስጦታ ዕቃ መሸጥ የያዘው ደሳለ ነው። በጦርነቱ ቱሪስት ሲጠፋ ሱቁ ባዶውን ቀረ። እሱም በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ መስቀል፣ የብራና ቅዳጅ፣ የአያት ሙዳይ መልቀም ጀመረ። በታኅሣሥ ወር እኛ ቤት ገባ። እናታችን ጠላ ቀዳችለት። ጥማዷን አንገቷ ላይ ሲያይ ሽጪልኝ አላት። «የሴት ምጥ ያየ ዕቃ አይሸጥም» አለችው። ላንሳት ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሣት፤ አመስግኖ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቄስ አረጋ ዘንድ ቀረበ። የእናታችንን የነፍስ አባት መርጦ ነው የሄደው፤ ሥራውን ያውቃል። ከኢንተርኔት ያወረደውን የሌላ መዳብ ሥዕል አሳያቸው፤ ጥማዷን ያሠራችው ከተማ ያሠራችው ነው፤ ባለ ዓምድ የጣዖት ቤት አለበት፤ በውስጡም ሦስት ጣዖታት። «የእትዬ ገለቴም ከዚህችው ከተማ የወጣ ነው። ራሱን የተሸፈነው ሰው የጣዖቱ ካህን ነው። ይህን አንገቷ ላይ አድርጋ ነው እርስዎ የሚያቆርቧት» አላቸው። ቄስ አረጋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ደነገጡ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ፍርዱን ለሌላ ያሸክማል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችንን ጠርተው፣ «ነገሩ ለእኔ ከብዶኛል፤ ልጅሽ እዚያው ኢየሩሳሌም ነው ያሉ፤ እሳቸውን ጠይቂ» አሏት።

እሷም ደወለች። እኔ አልነበርኩም፤ ይማርሽ ነበረች፤ ቃል በቃል ነግራኛለች። እናታችን እየተንተባተበች፣ ጥማዷ የጣዖት ገንዘብ ናት ይላሉ፣ ምን ላድርግ አለችዎ። እርስዎ ምን አሉ? «የጣዖት ከሆነ ከቤት ይውጣ፤ ይቅለጥ» አሉ። ከዚያ ስለ ገብሱ ጠየቁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ወንድም ዓለም፣ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁም። ማን እንዲህ አለ አላሉም። ፎቶዋን ላኩልኝ አላሉም። የሚኖሩት መዳቢቱ በተሠራችበት ከተማ ነው፤ እግርዎ የሚረግጠው ያንኑ አፈር ነው፤ ከማንም ይልቅ ለመጠየቅ የሚቀርቡት እርስዎ ነበሩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባል የለ? ቃልዎ ከስልኩ ወጥታ የት እንደደረሰች አልተከተሏትም።

ደሳለ ወሬው ደርሶት በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። «እትዬ ገለቴ፣ እኔ ወስጄ አንጥረኛ ዘንድ በዓይኔ እያየሁ አስቀልጥልሻለሁ፤ አንቺ አትድከሚ» አላት። እናታችን ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሰጠችው፤ መቀሱ አጠገቧ ነበር ትላለች ይማርሽ። በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ድብልብል ብረት አምጥቶ፣ «ይኸው ቀለጠች» አላት። እሷም ማረሻ በማይደርስበት ገደል አፋፍ ቀበረችው።

በዚህ ቢያበቃ ምንኛ በወደድኩ። እናታችን ግን፣ «አርባ ሁለት ዓመት ጣዖት አንገቴ ላይ አስሬ ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ» ብላ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ መቆም ጀመረች። ማንም ቀኖና አልሰጣትም፤ ራሷ በራሷ ላይ ፈረደች። ከዚህም የባሰ አደረገች። ጥማዷን የላከችላቸውን ሴቶች አንድ በአንድ አስታውሳ፣ በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በየቤታቸው እየሄደች ይቅርታ ጠየቀች። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ደጃፍ ላይ ተደፍታ፣ «ልጅሽን በጣዖት አስወለድኩሽ፣ ይቅር በዪኝ» ትላለች። አንዳንዷ አነሣቻት፣ አለቀሰችም። አንዳንዷ ሳቀች። አንዷ ደግሞ ልጇ አምና በትኩሳት ሞቶባት ነበርና፣ «እንግዲያው ለካ ለዚህ ነው» ብላ በሯን ዘጋችባት። እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማዎ አላውቅም።

የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ደርሶ በነነዌ ጾም ወደ ቤት ስሄድ መጀመሪያ ያገኘኋት ከቅጽሩ ውጭ ነው። ካፊያው እየመታት፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ፣ በግንቡ ቀዳዳ የቅዳሴውን ድምፅ ትከተላለች። ሰው መሀል ሆኜ ሐሳቤ እንዳይበተን ብዬ ነው ብላ ልትሸሽገኝ ሞከረች፤ ይማርሽ ናት ሁሉን የነገረችኝ። እኔም ገደሉ አፋፍ ወርጄ ያን ድብልብል ቆፍሬ አወጣሁት። ታጥቦ ሲታይ ቢጫ ነው። ጥማዷ ቀይ መዳብ ነበረች። ታሪክ እንጂ ኬሚስትሪ አላስተምርም፤ ቀይና ቢጫ ግን እለያለሁ።

ድብልብሉን በመሐረብ ቋጥሬ በቅዳሜ ገበያ ላሊበላ አንጥረኛው አብዱልጀባር ዘንድ ሄድኩ። የጥማዷን ቀለበት ባለቀ ጊዜ የቀየረላት እሱ ነው። አንሥቶ መዘነው፣ በሞረድ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አደረገው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህ የጥይት ቀለህ ነው። እኔው ነኝ ያቀለጥኩት። ደሳለ ሁለት ቀለህ አምጥቶ አንድ አድርግልኝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም» አለኝ። ነገሩን ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። «ጥማዷንማ በእኔ እሳት አላስገባትም ነበር። እናቴ እኔን ስታምጥ ከእናንተ ቤት ነው የተላከላት፤ ከአያትሽ እጅ። ዱዓዋን እያደረገች እሷን ጨብጣ ነው የወለደችኝ» አለኝ።

አዩ? እስላሙ አንጥረኛ ያከበራትን እኛ ክርስቲያኖቹ ገደል ልንሰዳት ነበር።

ከዚያ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ፣ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣሁና ለአመተ ማርያም ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች፣ አሁን አዲስ አበባ የጥንት ገንዘቦችን የምታጠና ጓደኛዬ ናት። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ አምና ጥማዷን በሁለት ፊቷ አንሥቻት ስለነበር ፎቶውን ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን የነገረችኝን እንደሚከተለው ልንገርዎ፤ እባክዎ ተረጋግተው ያንብቡት።

ጥማዷ በተሠራችበት ዘመን ሮማ ብዙ አገር ትገዛ ነበር፤ ወርቁንና ብሩን ቄሣር ያሠራል፣ የገበያውን ትንንሽ መዳብ ግን ብዙ ከተሞች ራሳቸው ያሠሩ ነበር። በአንድ ፊቱ የቄሣርን ራስ ያደርጋሉ። ሌላው ፊት የከተማዋ ነው፤ የምትኮራበትን ታደርግበታለች። ወደብ ያላት መርከቧን፣ ወይን ያላት ዘለላዋን፣ ወንዝ ያላት ወንዟን እንስራ ይዞ እንደተጋደመ ሽማግሌ አድርጋ ትቀርጻለች። ትግል የምታታግል ከተማ የአሸናፊውን አክሊል ታደርጋለች። አንዳንዷም ራሷን የግንብ ዘውድ እንደደፋች ሴት አድርጋ ትሥላለች። ቤተ ጣዖትም ይሠሩበታል፤ እንዲያውም የቄሣር ቤተ ጣዖት ጠባቂ እኔ ነኝ እያሉ በመዳቡ ላይ ይፎካከሩ ነበር፤ ልክ እኛ ደብር ከደብር በጠበሉና በንግሡ እንደምንፎካከረው። ሌላ መጽሐፍ ያልቀረላት ከተማ ምን ታመልክ፣ በምን ትኖር እንደነበር ከዚያች ትንሽ መዳብ ይነበባል። እኔ አስተማሪዋ ይህን በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው የሰማሁት፤ እናታችን አንገት ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ጥማዷ የኢየሩሳሌም ናት። ከተማይቱ በጦርነት ፈርሳ ሳለ ቄሣሩ በፍርስራሿ ላይ አዲስ የሮማ ከተማ ቆረቆረ፤ ስሟን እንኳ ለወጠባት። እነሱ ከተማ ሲቆረቁሩ ሥርዓታቸው እርሻ ነበር። መሥራቹ በሬና ላም ይጠምዳል፤ አዎ ላም፤ በሬው በውጭ በኩል፣ ላሚቱ በውስጥ በኩል። ግንቡ በሚቆምበት ሁሉ እየዞረ ትልም ያወጣል። በር የሚሆነው ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው የሚያልፍበት ነውና ማረሻውን አንሥቶ ያሳልፈዋል። በሬው ውጭ ለሚዋጋው ወንድ፣ ላሚቱ ውስጥ ለምትወልደው ሴት ምሳሌ ናቸው ይሉ ነበር አለችኝ አመተ ማርያም። እናታችን ትክክል ነበረች፤ እኔና እርስዎ በከንቱ ነበር የሳቅንባት።

ሥርዓቱ የጣዖት አምላኪዎች ሥርዓት ነበር ወይ ካሉኝ አዎ ነበር፤ አልክድም። ደሳለም ያሳየው የቤተ ጣዖቱ ሥዕል እውነት ነው፤ የዚያችው ከተማ ሌላ መዳብ ነው። የእኛዋ ላይ ግን ጣዖት የለም። ያለው ትልም ነው። ደባሱ ያገኛትም ከትልም ውስጥ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አረጋንና ሁለት ሽማግሌዎችን ለመንኳቸውና ከቅጽሩ ውጭ፣ እናታችን ከምትቆምበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ተቀመጡ። ደሳለ ተጠርቶ መጣ። በፊት ካደ፤ ቀልጣለች አለ፤ በስመ ሥላሴ ብሎም ጀመረ። ለምስክርነት የጠራሁት አብዱልጀባር ያን ድብልብልና አንድ ባዶ ቀለህ ከኪሱ አውጥቶ ከቄሱ እግር ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቄስ አረጋ ሁለቱን አንሥተው ቀለማቸውን አስተያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደሳለ፣ ሌባ ብትሆን በሌሊት መጥተህ ትሰርቅ ነበር። አንተ ግን በእኔ አፍ ነው የሰረቅኸው» አሉት። ደሳለ ተነሥቶ ሄደ። ከቤቱ አምጥቶ አስረከባት፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ገዥ ሲጠብቅባት ነበር። ሲሰጠኝም፣ ገዥው በመስታወት ውስጥ ያኖራት ነበር፣ እናንተ በላብ ነው የምትበሏት አለኝ። የሚያሳዝነው ይህኛው ቃሉ ብቻውን ውሸት አልነበረም።

ቄስ አረጋ ተነሥተው በእናታችን ፊት ጎንበስ አሉ። ይቅር በዪኝ፣ ሳልመረምር አስጨነቅሁሽ፣ ግቢ አሏት። በሩን በእጃቸው ከፍተው ያዙላት። ሰው ሁሉ ያይ ነበር። እናታችን ግን ባለችበት ቆመች። «አባቴ፣ እርስዎ ይቅር ብለውኛል። ልጄ ግን ይቅለጥ ብሎኛል። እሱ ነው ኢየሩሳሌም ያለ፤ እሱ ነው የሚያውቅ» አለች። አልገባችም። ጥማዷንም አልነካም አለች። ስለዚህ አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ይህን ስጽፍ ላሊበላ ባለችው የኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣ ወረቀቱ እንዳይነሣ ጫፉ ላይ ጭኛታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ፋና ምጥ ያዛት። ባሏ እንደ ልማዱ ሮጦ መጥቶ ጥማዷን ጠየቀ። እናታችን ከቤት ሳትወጣ፣ «ለሚወለድ ሕፃን ጣዖት አልልክም» አለችው። እግዚአብሔር ይመስገን አምቡላንሱ ደርሶላት ጤና ጣቢያ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ምጥ የሚያወጣው አዋላጅ እንጂ መዳብ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ሴቶቹም ያውቃሉ። ሴት ጨብጣት የምትወልደው ከእሷ በፊት የወለዱት ሁሉ አብረዋት እንዳሉ እንዲሰማት ነው። ነገር ግን ስሙኝ፤ በመንደሩ የአራስ ቤት ገንፎ ከእናታችን በፊት ቀምሶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዘንድሮ የፋና ገንፎ ሲበላ የቤታችንን በር ዘግታ ተቀምጣ ዋለች። ፋና ራሷ አራስነቷን ሳትጨርስ ሰው ልካ አስጠራቻት፤ አልሄደችም።

አሁን እርስዎን ልጠይቅዎ። አንገትዎ ላይ ያለው የብር መስቀል ከምን የተሠራ ነው? ሲመነኩሱ አያታችን ከጠገራ ብሯ አስቀልጣ ያሠራችልዎ ነው። ጠገራው ላይ የማን መልክ ነበር? የባዕድ አገር ንግሥት፣ ደረቷ ተከፍቶ። በላስታ ሴት ሁሉ አንገት ላይ ያለው መስቀል ከዚያ የወጣ ነው፤ ማንም ከቅጽር ውጭ አልቆመም። የአክሱም ነገሥታትስ? መጀመሪያ በገንዘባቸው ላይ ጨረቃና ፀሐይ አደረጉ፤ ባመኑ ጊዜ በዚያው ገንዘብ ላይ መስቀል አደረጉበት፤ ራሳቸውንም በእህል ዛላ መሀል አስቀረጹ። ልባቸው ተለወጠ እንጂ ብረቱን አልረገሙትም። ጌታችንም የግብሩን ገንዘብ አሳዩኝ ሲል የቄሣር መልክ እንዳለበት አጥቶት አይደለም፤ መጀመሪያ ጠየቀ፣ አየ፣ ከዚያ ፈረደ። እርስዎ ግን ሳይጠይቁ፣ ሳያዩ ፈረዱ። ይህን የምለው ከእርስዎ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። ዳዊት ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ፊደሉን እዪ፣ ከዚያ ቃሉን አንብቢ ብለው በአለንጋ የመቱኝም እርስዎ ነዎት።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለእኔ አይጻፉልኝ። ለእናታችን በእጅዎ ይጻፉላት። ጥማዷ ቅድስት ናት ይበሏት አልልም፤ ውሸት አልለምንዎም። አላየሁም ነበር፣ አልጠየቅሁም ነበር፣ በችኮላ ፈረድኩ፣ እናቴ ሆይ ኃጢአት የለብሽም፣ ግቢ፤ ይህን ብቻ ይጻፉ። ፎቶዋን በሁለት ፊቷ ከደብዳቤው ጋር አድርጌአለሁ፤ መጀመሪያ ይዩት። ባምላክ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይመለሳልና በእሱ ይላኩት። ቄስ አረጋ በቅጽሩ በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላታል፤ ቃል ገብተውልኛል። በር የዘጋችባት ሴትም እንድትሰማ አስጠራታለሁ።

ጥማዷንስ ምን እናድርጋት ካሉ፣ አመተ ማርያም እንድትመዘገብ ትላለች፤ ትክክል ነው፤ የአገር ቅርስ ናት። ግን ትመዝገብም፣ ትቀመጥም፣ እናታችን አንገትም ላይ ትመለስ፣ እናታችን ራሷ ትወስናለች። እኔም አልወስንም፣ እርስዎም አይወስኑም።

ይማርሽ እጅ ነስታለች፤ የሚወለደውን ልጅ ስም እንዲያወጡላት ትለምናለች። አዳም እንደምን አሉልኝ ብሏል፤ ወይፈኑ ልብ እንዲገዛ ጸልዩልን ይላል። የይማርሽ የመጀመሪያዋ ልጅ ስምዎን በግዕዝ ዜማ እየጠራች ትስቃለች። ቄስ አረጋ በመስቀላቸው ባርከው፣ ያፈርኩ መሆኔን ንገሪልኝ ብለዋል። አብዱልጀባር ሰላምታውን አቅርቧል። ፋናም ሕፃኗን ታቅፋ ሰላም በዪልኝ ብላለች። አብረዎት ላሉት አባቶች ሁሉ ከእኛ ከላስታ ሰዎች ሰላምታ ያድርሱልን።

እናታችን ለስንቅ የተቆላ ሽምብራና ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ የሚንጠባጠበውን ጠበል በጠርሙስ ልካለች፤ ለጉልበትዎ ነው። ትናንት ቤት ሳለሁ ስጽፍ አይታ ምን ትጽፊያለሽ አለችኝ፤ ሰላምታ ነው አልኳት። ብዙ ወረቀት መሆኑን አየች። «ከተቆጣሽው ወረቀቱን አቃጥዪው፤ እዚያ ብቻውን ነው» አለችኝ።

አላቃጠልኩትም።

እህትዎ ባንቺዓለም ሰውአገኝ

ላሊበላ፣ ላስታ
የካቲት ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.